በደቂቃ የተለካ ጸሎት

ሰዓት ሠሪው ዳዊት ሲደግም ላየው ከኋላው የሚያሳድደው ሰው ያለ ይመስላል። መቶ ሃምሳውን መዝሙር በየሳምንቱ ይጨርሳል። ጠረጴዛው ላይ የሩጫ ውድድር የሚለካበት ሰዓት ያስቀምጣል፤ አንዱን መዝሙር እንደጨረሰ ቀጭ አድርጎ ያስቆመውና የፈጀበትን ደቂቃ በእርሳስ ከራስጌው ይጽፋል። ካሻሻለ የድሮውን ይሰርዛል። ዐሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሲጋልብ አንዲት ቃል እንኳ ጆሮው ውስጥ ገብታ አታውቅም። እሱ ግን ይህንን ጸሎት ብሎ፣ ቀስ ብለው የሚጸልዩትን ሁሉ ሰነፍ ይላቸዋል።

ከሁሉ አብልጦ የሚንቀው የታናሽ ወንድሙን ሚስት ነው። ሴትዮዋ አንድ መዝሙር ይዛ ወር ትቆያለች፤ አንድ ቁጥር ታነባለች፣ መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ ታሳርፋለች፣ ዝም ትላለች። "ቀንድ አውጣዋ" የሚል ስም ያወጣላት እሱ ነው። ባወጣው ስም የሚስቀውም በአብዛኛው እሱ ራሱ ነው።

የወንድሙ ስም እንዲነሳበት ደግሞ ጭራሽ አይፈልግም። ድሮ አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር። አንድ ቀን ከአንድ ደንበኛ ሰዓት ውስጥ ደህናው ማርሽ ወጥቶ ያለቀለት ገብቶበት ተገኘ። ሰዓት ሠሪው ሳያቅማማ ወንድሜ ነው አለ። ከዚያ በኋላ በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ፣ ሱቁን ለረገጠ ሁሉ ያንኑ ሲያወራ ኖረ። ወንድሙንም ሁለተኛ በሬን እንዳትረግጥ አለው። ታናሽየው ሰዓቱን አምኖ የሚሰጠው ሰው አጥቶ የመጋዘን ዘበኛ ሆነ። ማርሹን የለወጠው ማን እንደሆነ ግን ከሰዓት ሠሪው በቀር የሚያውቅ የለም።

ዘንድሮ ሁለት ነገር ባንድ ሳምንት መጣበት። የዐይን ሞራ ተገፈፈለትና ሐኪሙ ለአንድ ወር ማንበብ ከለከለው። በዚያው ሰሞን የአንድ ትምህርት ቤት ዲሬክተር ደወሉ። የግቢውን ሰዓቶች የሚጠግን ቋሚ ሠራተኛ እንፈልጋለን፣ ወንድምዎ አመልክቷል፣ ነገር ግን ስለ አንድ ማርሽ የሚወራ ሰምተናል፤ ሰውየው ይታመናል ወይ አሉት። እስከ ዓርብ ላስብበት አለ። የሚያስበው ነገር አልነበረውም፤ ወንድሙ በሱ አፍ ላይ ተንጠልጥሎ ሲቆይ ደስ ስለሚለው ነው።

ሴት ልጁ በአባቷ ፍጥነት ሁለት ቀን አንብባለት ድምፅዋ ተዘጋ። ያኔ ቀንድ አውጣዋ እኔ አነብልዎታለሁ ብላ መጣች። ሰዓት ሠሪው በሆዱ ሳቀ። ለባሏ ልትለማመጥ ነው የመጣችው፣ እስቲ ስትለማመጥ ልያት ብሎ ሱቁ ውስጥ በርጩማው ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ። እሷ ግን ሰኞም ማክሰኞም የሥራውን ነገር አላነሳችም። አንድ ቁጥር ታነባለች፤ ከዚያ ዝም። እሱ በጥቁር መነጽሩ ውስጥ እያፈጠጠ፣ የሚሮጠውን ሰዓት እየዳበሰ ይቃጠላል። እንቅልፍ ወሰደሽ እንዴ ሲላት፣ አይ ጋሼ እየሰማሁት ነው ትለዋለች። ምን የሚሰማ ነገር እንዳለ አልገባውም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አንዱ መዝሙር ላይ ደርሳ ራስጌውን ትኩር ብላ አየች። አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ የሚለው ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ሪከርዴ ነው አላት፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ። እሷ ማንበቧን ቀጠለች፤ አንዲት ቁጥር ላይ ደርሳ ቆመች። ቁጥሯ፣ ተቀምጦ ወንድሙን፣ የገዛ እናቱን ልጅ፣ የሚያማን ሰው የምትወቅስ ናት። መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች።

ዝም ሲባል ከበሩ ውጪ፣ ከደረጃው ላይ ሳል ተሰማ። ያንን ሳል ሃያ ዓመት ጎኑ ተቀምጦ ሰምቶታል።

"ደረጃው ላይ ማነው?"

"ወንድምዎ ነው፣ ጋሼ። በየቀኑ ያደርሰኝና እስክጨርስ እዚያው ይጠብቀኛል። በሬን አትርገጥ ብለውት የለ?"

"ቀጥዪ እንጂ፣" አላት።

"ገና አልጨረስኳትም።"

ያቺን ቁጥር ከአምስት መቶ ጊዜ በላይ አልፏታል። አሁን የሚያልፍበት መንገድ አጣ። ንባቡ ቆሟል፣ መጽሐፉ በሷ እጅ ነው፣ እሱ የተቀመጠው ደግሞ ያንኑ ወሬ ሲያወራበት በኖረው በርጩማ ላይ ነው። አፈረ። ለሰው ሁሉ ሲያድለው የኖረው ንቀት ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሱ ደረሰው፤ መራራ ነበር። ለዲሬክተሩ እንድትደውልለት ጠየቃት፤ እሳቸው አነሱ።

"ወንድሜ ይታመናል፣" አላቸው። "ማርሹን የለወጥኩት እኔ ነኝ። እሱ እጁም የለበትም።"

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሰዓት ሠሪው ወደ በሩ ጠቆመ። ግባ በዪው አላት። ወጣች፤ ብቻዋን ተመለሰች።

"ምን አለ?"

"ሰምቷል። 'መግባቱን ግን ቀስ ብዬ አስብበታለሁ' ብሏል።"

ቦታዋ ላይ ተቀምጣ መጽሐፉን ከፈተችና ያችኑ ቁጥር እንደገና አነበበች። ሰዓት ሠሪው ቀጥዪ አላላትም።