የተፋቀው ቀበሮ

ክረምት ገብቶ ዝናቡ ማካፋት ሲጀምር፣ እርጥብ የፍየል ቆዳ ይሸተኛል። ደብረ ማርቆስ ከተማ መሀል፣ ቆርቆሮ ቤቴ ውስጥ ተቀምጬ፣ በአካባቢዬ አንድም ፍየል ሳይኖር ይሸተኛል። ከሽታው ቀጥሎ ድምፁ ይመጣል፤ በተወጠረ ቆዳ ላይ የሚመላለስ የመፋቂያ ድምፅ፣ ጭር፣ ጭር፣ ጭር። ልጆቼ «እማዬ አረጀች» ብለው ይሳሳቃሉ። ማርጀቱንስ አርጅቻለሁ፤ ሽታው ግን ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ።

አባቴ ብራና ፋቂና ቁም ጸሐፊ ነበር። ቤታችን ከደብረ ማርቆስ የአንድ ቀን የእግር መንገድ ርቆ፣ ጮቄ ተራራ ሥር ነበረ። አባቴ ቆዳውን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ፣ በእንጨት ላይ ወጥሮ፣ ሥጋውንና ጠጉሩን ፍቆ፣ ፀሐይ ላይ አድርቆ፣ በወስፌ እየወጋ መስመር ካሰመረበት በኋላ ነበር ብዕሩን የሚያነሳው። «ጸሐፊ አንዲት ፊደል ቢያጓድል፣ በዚያ መጽሐፍ የሚደግም ሰው ሁሉ ሲሳሳት ይኖራል፤ ኀጢአቱ የጸሐፊው ነው» ይል ነበር። ቅዳሜና እሑድ ብዕርም መፋቂያም አይነካም ነበር፤ በሰንበት የተጻፈ መጽሐፍ ቢሰጡት እንኳ የሚያነብ አይመስለኝም። እኔ ደግሞ አንድ ልጁ ነበርኩና አጠገቡ ተቀምጬ በጥያቄ አደርቀው ነበር። ቀለሙ ለምን ጠቆረ፣ ፍየሉ ስንት ዓመቱ ነበር፣ ይህ ቀዳዳ ከምን መጣ እያልኩ።

ዘመኑ ጣሊያን አገራችን ውስጥ የገባበት ዘመን ነበር። ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽጋቸውን ሠርተው ተቀምጠዋል፤ የእናቴ ወንድም አያ ውበቱ ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር ጮቄ ላይ ዋሻ ውስጥ ገብቶ አርበኛ ሆኗል። ዋሻው የት እንደሆነ ከመንደሩ ሰው የምናውቀው እኛ ቤት ያለን ሦስታችን ብቻ ነበርን።

በዚያ በጋ፣ ጥር ላይ ይመስለኛል፣ አያ ውበቱ በአህያ የጓሳ ሣር ጭኖ፣ ገበያተኛ መስሎ በጠራራ ፀሐይ መጣ። ሣሩን አራግፎ ሲያበቃ ከሸክሙ መሀል አንድ ነገር አወጣና «ጥሩዬ፣ ነይ እስቲ፣ ጉድ ላሳይሽ» አለኝ። ከጣሊያን በቅሎ ጭነት የተማረከ መጽሐፍ ነበር፤ ወረቀቱ የሚያንሸራትት፣ ከዳር እስከ ዳር ሥዕል የሞላበት የልጆች መጽሐፍ። ተራራዎቹ አናታቸው ነጭ ነበር። እኛ ጋ በረዶ ወርዶ እስኪቀልጥ እንኳ ያን ያህል አይነጣምና «የጤፍ ዱቄት ነው የተነሰነሰበት?» ብዬ ጠየቅሁ። ገደሉ ላይ ቀንዱ ወደኋላ ተቆልምሞ ጀርባውን ሊነካ የደረሰ ፍየል ቆሟል። አያ ውበቱ «ሰሜን የሄዱ ሰዎች ዋልያ የሚሉት እንዲህ ያለ ነው» አለ። በሌላ ገጽ ላይ ላባ የሰካ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ጠመንጃ አንግቶ ፍየሎቹን ቆሞ ያያል።

«ሊገድላቸው ነው?» አልኩት።

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ከነሱ ከድቶ ወደኛ የመጣ አንድ ወታደር አለ፤ ቋንቋቸውን ያነባል። ጠባቂ ነው አለኝ። ተራራው የአውሬዎቹ ተብሎ በመንግሥት ተከልሏል፤ እዚያ ፍየል የገደለ ይታሰራል።»

አባቴ ብራናውን መፋቅ አቆመና «ለዱር ፍየል?» አለ።

«ለዱር ፍየል! በአገራቸው ለፍየል ዘበኛ ያቆማሉ፣ እዚህ መጥተው ደግሞ...» ብሎ እኔን ሲያይ ገጹን ገለበጠ።

መጽሐፉን እዚያው እንዲተውልኝ አለቀስኩ። ከጣሊያን የተማረከ ዕቃ ቤታችን ቢገኝ ቤቱን ያቃጥሉት እንደነበር ዛሬ ይገባኛል፤ ያን ጊዜ ግን አጎቴ ንፉግ ነው ብዬ ተቀየምኩት። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል አህያውን እየነዳ ሲወጣ ዓይኔ ከአህያው ጭነት ላይ አልተነሳም። በማግስቱ አባቴን «የጮቄን መጽሐፍ እኔ ልሥራ» አልኩት። ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። ከእግርና ከአንገት በኩል የተቆረጡ፣ ለዳዊት የማይሆኑ የብራና ቁርጥራጮች ሰበሰበልኝና ሁለት ነገር ነገረኝ። «ያላየሽውን አትሳይ። መጽሐፍ ደግሞ ተራ አለው፤ ከሥር ጀምረሽ ደረጃ በደረጃ ውጪ።»

እንዳለኝ አደረግሁ። በልጉ ሲገባ እኔና እናቴ እንጨት ለቀማ መስለን ለአያ ውበቱ ስንቅ እናደርስ ነበር፤ ስንወጣ ያየሁትን ስንመለስ እስለው ነበር። መጀመሪያ ወንዙንና ከወንዙ ማዶ የሚንጫጩትን ዝንጀሮዎች፣ ከዚያ የአስታውን ጫካና በውስጡ የምትደበቀውን ድኩላ፣ ከዚያ ምንጩን፣ ከምንጩ በላይ በድንጋይ ላይ ፀሐይ የሚሞቁትን ሽኮኮዎች፣ ከዚያ የጓሳውን ሜዳ፣ ከሁሉ በላይ እንደ ሰው ቀጥ ብለው የቆሙትን፣ ውርጭ ላይ ብቻ የሚበቅሉትን ጅባራዎች። ብራናው ቀዳዳ ካለው ቀዳዳውንም አልተውኩትም፤ ትንሿ ቀዳዳ የፍልፈል ጉድጓድ ሆነች። አንደኛው ቁራጭ ላይ ግን አውራ ጣት የሚያስገባ ትልቅ ቀዳዳ ነበረ። እሱን የአያ ውበቱን ዋሻ አደረግሁት።

ከዋሻው ፊት ለፊት ቀይ ቀበሮ ነበር። ከሰዎቹ ጋር ተላምዶ፣ ጆሮውን ቀስሮ፣ ፍልፈሉ ብቅ እስኪል ከጓሳው ሣር መሀል ግማሽ ቀን ይጠብቅ ነበር። አያ ውበቱ «ዘበኛችን ነው፤ ባዕድ ሰው ሲመጣ ከኛ ቀድሞ ሰምቶ ይሮጣል። የፍየሉ መጽሐፍ ዘበኛው ሰው ነው፤ የኛ ግን ቀበሮ ሆኖ አረፈው» እያለ ይስቅ ነበር። እኔ ግን ሳልሮጥ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አየው ነበር፤ እሱም ያየኝ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ሳይሰለቸኝ የተመለከትኩት ነገር የለም።

የቸገረኝ ቀለሙ ነበር። ቀይ ቀለም ለአምላክ፣ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም ነው እንጂ ለሌላ አይነካም። ቀበሮውን በጥቁር ስዬ ለአባቴ ሳሳየው አየውና «እንዲህ ነው?» አለኝ። «አይደለም አባዬ፣ ቀይ ነው፤ ደረቱ ብቻ ነው ነጭ» አልኩት። ተነስቶ የቀዩን ቀለም መያዣ ቀንድ አመጣና «በጥቁር ከተውነው ውሸት ይሆናል። እሱንም የፈጠረው ያው አምላክ ነው» ብሎ ብዕሩን አስያዘኝ። ከጆሮው እስከ ጭራው ቀባሁት። ክረምቱን ሙሉ፣ ቆዳ በማይደርቅበት ጊዜ፣ የሳልኳቸውን የብራና ቅጠሎች በተራቸው እየሰፋሁ ከረምኩ።

መስከረም ጠብቶ አደይ አበባ ሜዳውን ሲሞላ፣ አንድ ዓርብ ቀን የአገሩ ሹም ግራዝማች መጡ። ለጣሊያን ያደሩ ሰው ነበሩ፤ ዳዊት እንዲጽፍላቸው አባቴን አዘውት ነበርና የት እንደደረሰ ሊያዩ ነው የመጡት። አባቴ ዳዊቱን አሳያቸው፣ አመሰገኑት። በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን አባት ነውና፣ ሰውም የሚኮራበትን ነገር መደበቅ አይሆንለትምና «ይቺ ልጄ የሠራችውን ደግሞ ይዩልኝ» ብሎ መጽሐፌን ራሱ አወጣላቸው።

ግራዝማች ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ገለጡ። ወንዙ፣ የአስታው ጫካ፣ ምንጩ፣ ሜዳው። አባቴ እየተቆራረጠ እንጂ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲገለጥ አይቶት አያውቅም ነበር። ቀበሮው ጋ ሲደርሱ ግራዝማች አውራ ጣታቸውን በቀዳዳው አሾልከው «ይኼ ደግሞ ዋሻ ነው?» አሉ። የአባቴ ፊት ሲለወጥ አየሁ። የሠራሁት ከቤታችን ደጃፍ እስከ አጎቴ መኝታ የሚያደርስ መንገድ ነበር፤ ተራውን ያስተማረኝ ደግሞ እሱ ነው።

«ሰኞ የጣሊያኑ አለቃ ወደዚህ ይመጣል፤ እንዲህ ያለ ነገር ይወዳል። ልውሰድለት» አሉ ግራዝማች።

አባቴ ድምፁን ሳይቀይር «እንደዚህ ራቁቱን እንዴት ይሰጣል ግራዝማች? ጌጠኛው የቆዳ ድጉስ አልተሠራ፣ ሽፋኑ አልተሰፋ። እስከ ሰኞ ላድርስልዎት» አለ። እሳቸውም እሺ ብለው ሄዱ።

ግራዝማች መጽሐፉን በዓይናቸው አይተውታል፤ ጠፋ ማለት አይቻልም። በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። አባቴ በሩን ዘግቶ፣ ከመስኮቷ በምትገባው ብርሃን ሥር ተቀመጠና ስፌቱን ፈታ። በሰንበት መፋቂያ ሲያነሳ ሳየው ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር፤ አንስቶም ለእኔ ሰጠኝ። ቅጠሉን እሱ ወጥሮ ይይዛል፣ እኔ እፍቃለሁ። ምንጩን ፋቅሁት። ከምንጩ ወደ ሜዳው የሚወስደውን ዱካ ፋቅሁት። እሑድ ደግሞ ተራውን አዛባነው፤ ጅባራውን ወንዝ ዳር ተከልነው፣ ዝንጀሮውን ጓሳ ሜዳ ላይ አወጣነው። አባቴ ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነክሮ ቆየና «ዕድሜዬን ሙሉ አውቄ ስሕተት ስጽፍ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው» አለ። ሲያለቅስ አላየሁትም፤ ግን ድምፁ የሌላ ሰው ነበር።

የቀበሮው ቅጠል መጨረሻ ቀረች። ቀለም ይፋቃል፣ ቀዳዳ ግን አይፋቅም። ስለዚህ ቅጠሏ ከነጭራሹ መውጣት ነበረባት፤ ቢፈትሹን እንዳትታወቅ ደግሞ ሥዕሏ መጥፋት ነበረበት። እናቴ «እሳት ውስጥ ጣሏት» አለች። አባቴ ግን ብራና አቃጥሎ አያውቅም። «አንቺ ሳልሽው፣ አንቺው ፋቂው» አለኝ። ቀበሮውን ከጆሮው ጀምሬ ፋቅሁት። ዕንባዬ ብራናው ላይ እየተንጠባጠበ ቢያስቸግረኝም እስከ ጭራው ድረስ ፋቅሁት። አባቴ ቅጠሏን ከራሱ ዳዊት ሽፋን ውስጥ አስገብቶ ሰፋባት።

ሰኞ ጣሊያኑ ከግራዝማች ጋር መጣ። በድጉስ ተለብጦ ያማረውን መጽሐፍ እያገላበጠ ሳቀ፣ ራሴንም ደባበሰኝ። ግራዝማች ግን ቅጠሎቹን ሁለት ጊዜ ገለጡና «አንድ ዋሻ አይቼ ነበር» አሉ። አባቴ አልተናገረም፤ መዋሸቱን በእጁ ጨርሶ አፉ አልታዘዝ ብሎት ነበር። እኔ ቀደም ብዬ የፍልፈሏን ቀዳዳ አሳየኋቸው። «ይቺ ናት ጌታዬ፤ የፍልፈል ጉድጓድ ናት።»

ግራዝማች አውራ ጣታቸውን ወደ ቀዳዳዋ ሰደዱ። አልገባም። ጣታቸውን አዩ፣ እኔን አዩኝ፣ አባቴን አዩት። ከዚያ «አዎን፣ ይቺው ናት» ብለው መጽሐፉን ለጣሊያኑ ሰጡት። ተታለው ይሁን ወይስ አዝነውልን፣ እሳቸውም ሳይነግሩኝ ሞቱ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

በዚያው ወር ወታደሮቹ ጮቄን ሲያስሱ ሰንብተው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። አያ ውበቱ ነፃነትን አየ፣ አግብቶ ወለደ፣ ሽበት አወጣ፤ ባገኘኝ ቁጥርም «ከቀበሮ ጋር በአንድ ቅጠል ያዋልሽኝ» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። መጽሐፌ የት እንደደረሰ አላውቅም። ምናልባት አንድ የጣሊያን ቤት ውስጥ፣ ጅባራ ወንዝ ዳር የሚበቅልበትና ቀበሮ የሌለበት ጮቄ ተቀምጦ ይሆናል።

ባለፈው ሳምንት የልጄ ልጅ ስለ ብሔራዊ ፓርኮች የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ከትምህርት ቤቷ አመጣች። ወረቀቱ የሚያንሸራትት፣ ከዳር እስከ ዳር ሥዕል የሞላበት ነው። ዋልያውም አለ፣ ጠባቂውም አለ፤ ቀይ ቀበሮውም ጆሮውን ቀስሮ ቁጭ ብሏል። «ሰሜንና ባሌ ነው ያለው» ብላ አነበበችልኝ። «ጮቄም ላይ ነበር» አልኳት። መጽሐፉን አገላብጣ ፈለገች። «የለም እማማ፣ እዚህ አልተጻፈም» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የለም። ጓሳው ታርሶ ገብስና ድንች ሆኗል፤ እኔም ቀበሮ አየሁ የሚል ሰው ከሰማሁ ብዙ ዘመኔ ነው። ያን እሑድ አጎቴን ለማትረፍ ቀበሮውን ከብራና ላይ ፋቅሁት፤ ዛሬም ቢመጣ እንደዚያው አደርጋለሁ። ከተራራው ላይ ሲፋቅ ግን ማንንም ሲያተርፍ አላየሁም፤ ይኼ ያበሳጨኛል።

ተነስቼ የአባቴን ዳዊት አወረድኩና ከሽፋኑ ውስጥ ቅጠሏን አወጣሁ። መስኮቱ ላይ ይዣት ቆምኩ። ብርሃኑ በዋሻው ቀዳዳ ገባ፤ ከቀዳዳው ፊት ለፊት ደግሞ፣ ጥቁሩ ሁሉ ጠፍቶ፣ ቆዳው የጠጣው ቀይ ብቻ፣ የሁለት ጆሮና የአንድ ጭራ ቅርጽ ደብዝዞ ታየ። ልጅቷ ተጠግታ አየችው። ከዚያ ሮጣ ቀይ እርሳሷን አመጣችና «ላድምቀው እማማ?» አለችኝ።

«አንቺ አላየሽውም፤ ያየሁት እኔ ነኝ» አልኳትና እርሳሱን ከእጇ ተቀበልኩ።