በቅሎ የናቀችው አክርማ

ሰኔ ገብቶ የመጀመሪያው ዝናብ እንደጣለ ከጉለሌ ተነስቼ፣ እንጦጦን ተሻግሬ ወደ ሱሉልታ ሄድኩ። የሄድኩት ለሣር ነበር። የሰማ ሁሉ ይስቅብኛል፤ እኔም መጀመሪያ ስቄያለሁ። ግን ልጃችን ጥሩነሽ ለጥር ታጭታለች፤ እናቷ አስካለ ደግሞ በእጇ የሰፋችውን ሞሰብ ሳትሰጥ ልጅ መዳር አይሆንላትም። ያለ አክርማ ሞሰብ አይሰፋም፣ አክርማው ያለው ከተራራው ማዶ ነው፤ ጣሊያን ኬላ ካቆመ ወዲህ የሰፈራችን ሴቶች ለቀማ መውጣት ትተዋል። ስለዚህ አስካለ፣ ከነሥሩ አምጣልኝና ጓሯችን ይብቀል አለችኝ። ጓሯችን አሸዋ ነው፤ ጎመን እንኳ ሰንብቶበት አያውቅም።

ጠዋት፣ ዳገቱ

ዳቦና ቆሎ ቋጥሬ፣ ለአስካለ አክስት ጨው ይዤ ወጣሁ። ከባሕር ዛፉ ሥር መሬቱ ራቁቱን ነው። እንጦጦ ማርያምን ተሳልሜ ቁልቁል ስወርድ ሜዳው ተዘረጋ፤ ነፋሱ ይቆነጥጣል። ኬላው ላይ ከስንቄና ከጨዉ በቀር ስላልያዝኩ የይለፍ ወረቀቴን አይተው ለቀቁኝ።

የአስካለ አክስት እትዬ በላይነሽ አሬራ አጠጡኝ። ከዚያ ወደ አንድ ደረቅ ተዳፋት ወስደውኝ አክርማውን በዶማ እየነቀሉ አሸከሙኝ።

«ፍግ እንዳታለብሱት ልጄ» አሉኝ። «አሸዋው ይበቃዋል። ከጠገበ ይለሰልስና ሲሰፋ ይበጠሳል።»

ከሰዓት፣ ኬላው

ስመለስ አንድ የጣሊያን ወታደር ሸክሜን በሳንጃ ወጋ ወጋ አደረገና ምን እንደሆነ በአስተርጓሚው፣ በአንድ ቀጭን ያገራችን ሰው፣ አስጠየቀኝ። የሚተከል ሣር ነው ብል ማን ያምነኛል? የከብት ሣር ነው አልኩ። ብልጥ መሆኔ ነው። ለካ የከብት ሣር የተባለውን ሁሉ ለጦሩ በቅሎዎች ይወስዱታል! ሸክሜን ነጥቀው ከበቅሎዎቹ ፊት በተኑት። ለአስካለ ምን ልላት ነው?

አንዲት ዳለቻ በቅሎ አሸተተችው፣ ከአንዱ ጫፉን ነጨች፣ አላምጣ ተፋችው። ሌሎቹ ፊታቸውን አዞሩ። የጠና አክርማ ከብት እንደማይወደው ማን ያጣዋል፤ እኔ በድንጋጤ ረስቼዋለሁ። ወታደሩ ተናዶ ጮኸ።

«ቆሻሻህን ሰብስበህ ጥፋ ይልሃል» አለኝ አስተርጓሚው። ስሰበስብ አጠገቤ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እናቴም ሞሰብ ትሰፋ ነበር። ሥሩን በጨርቅ ይሸፍኑት፣ ፀሐይ እንዳያገኘው።»

ቤት

አመሻሹ ላይ ደረስኩ። አስካለ የተነጨውን አይታ ማን በላው አለች፤ ነገርኳት። አልሳቀችም። እርጥብ ጨርቅ ደርባበት አሳደረችው፣ በማግስቱ ጎመን ከሚደርቅበት አሸዋ ላይ ተከለችው። ፍግ ይዤ ስጠጋ በዓይኗ መለሰችኝ። ስንት ዓመት በማይሆን መሬት ጎመን ስንለምን ኖረናል፤ መሬታችን የሚወደውን መጠየቅ ያስተማረኝ ያ ጉዞ ነው።

ጥቅምት ላይ ታጨደ። ሞሰቡ ከታሰበው አነሰ፣ ግን ደረሰ። በሠርጉ ቀን ሙሽራዋ በቅሎ ላይ ስትወጣ አስካለ ታለቅስ ነበር። ሚዜው ሞሰቡን ይዞ ቢጠጋ በቅሎዋ አሸተተችውና ፊቷን አዞረች። አስካለ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። ጣሊያን ከገባ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።