በኮሪደሩ ላይ የተሳለው ገደል

ረቡዕ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ከአዲስ አበባ ተነሳሁ። ደብረ ማርቆስ ያለ አንድ አነስተኛ ሙዚየም ኮሪደሩ ላይ ዓይን የሚያታልል ትልቅ ሥዕል አሠርቷል ስለተባለ እሱን አይቼ ልዘግብ ነው። አውቶቡሱ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጣ፤ ደጀን ላይ ሽሮ በላን። ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ማርቆስ ገባሁ፤ ዝናቡ ጀምሮ ስለነበር በባጃጅ በቀጥታ ወደ ሙዚየሙ ሄድኩ።

ኮሪደሩ

ሠዓሊው ደሳለኝ በር ላይ ጠበቀኝ። ኮሪደሩ አስራ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። ግድግዳውም ወለሉም ላይ የዓባይ ገደል ተስሏል። ከመግቢያው ሲያዩት ወለሉ ተደርምሶ፣ ከታች፣ በጣም ከታች፣ ቡናማ ውሃ ይታያል። ሥዕል መሆኑን እያወቅሁ ግድግዳ ይዤ ተሻገርኩ። እጁ ይባረክ፤ ሥራው የሚያስመሰግን ነው።

ተመልሼ ስወጣ አንድ ሽማግሌ መግቢያው ላይ ቆመዋል። አቶ ልየው ይባላሉ፤ ከአምበር የመጡ ናቸው። የአባታቸውን ኮርቻ ለሙዚየሙ ሰጥተው ነበር። ኮርቻው ከኮሪደሩ ማዶ ባለው ክፍል ነው፤ ከሰጡት ወዲህ አላዩትም።

«ይርገጡት እንጂ አባባ፣ ሥዕል እኮ ነው» አለ የሙዚየሙ አስጎብኚ።

«ሥዕልነቱንማ አውቃለሁ ልጄ፤ ጉልበቴ ነው እንቢ ያለኝ።»

በብትራቸው ወለሉን መታ መታ አደረጉ። እግራቸው ግን አልተከተለም። አስጎብኚውና ባልደረባው ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጹ ነበር። «በፈረስ ይሻገሩት ነበር፤ ኮርቻው ማዶ ቀረና ነው» አለ ባልደረባው። ሳቁ። እኔም በልማድ አንድ ፎቶ አንስቻለሁ።

ለምን እንደሚቀርጹ የሙዚየሙን ኃላፊ ጠየቅኳቸው። «ጎብኚ የሚስበው ሰው ሲደነግጥ ነው» አሉኝ፣ ሳያፍሩ።

«በግድግዳው ጥግ ለሽማግሌና ለሕፃን የሚሆን የድንጋይ መንገድ ስዬ ነበር፤ አስጠፉኝ» አለ ደሳለኝ።

ኃላፊው አላስተባበሉም። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ የጥጉ ቀለም ከሌላው የተለየና አዲስ ነው።

በሩ

ሌላ መግቢያ ይኖር እንደሆነ ኃላፊውን ጠየቅኳቸው። አለ፤ በቢሮ በኩል፣ «ለሠራተኛ ብቻ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት። ማስታወሻ ደብተሬን ገልጬ፣ ለአቶ ልየው የማይከፈትበትን ምክንያት ይንገሩኝ አልኳቸው። ቁልፉ ወዲያው ተገኘ።

አቶ ልየው በእንጨት ፈረስ ላይ የተጫነውን ኮርቻ ዞር ዞር ብለው አዩትና «ፊቱን ወደ ጅራት አድርጋችሁ ጫናችሁት» አሉ። ማንም አልሳቀም። አስጎብኚው አዞረው።

ሲወጡ ኃላፊውን «ሌላ ቀን ስመጣ ማን ይከፍትልኛል?» አሏቸው።

«አስፈቅደው ነዋ።»

«የአባቴን ኮርቻ ለማየት?»

ኃላፊው በሩን መልሰው ቆለፉት።

ቤት

ሐሙስ ከሰዓት ቤቴ ገባሁ። የጋዜጣችን አዘጋጅ ደውሎ «የደነገጠ ሰው ፎቶ የለህም?» አለኝ። ነበረኝ። አጠፋሁትና የኮርቻውን ላክሁለት። በሰው ፍርሃት የሚስቅ ቤት የሰው ቅርስ ሊሰጠው አይገባም ብዬ አምናለሁ፤ ዘገባው ላይ ግን ይህን አልጻፍኩም። ያየሁትን ጻፍኩ። መንገድ ተስሎ ነበር፣ አስጠፍተውታል። በርም አለ፣ ቆልፈውታል።