የጋሽ ውበቴ ሸራ

ሞጣ ውስጥ ጋሽ ውበቴ በሰፉት ድንኳን ሥር ያላለቀሰ ወይም ያልጨፈረ ሰው ካለ አምጡልኝ! የየእድሩን ድንኳን የሚሰፉት እሳቸው ናቸው። ሱቄ ከሱቃቸው ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ስለሆነ የስፌት መኪናቸው ድምፅ ሲቋረጥ ጆሮዬ ነው ቀድሞ የሚሰማው። በዘጠና ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይቋረጥ ጀመር፤ ዓይናቸው ደከመ። መርፌው ላይ ክር የሚያስገቡላቸው ባለቤታቸው እትዬ ይርጋነሽ ሆኑ።

"ይብቃህ እንግዲህ፣ አንተ ሰው!" ይሏቸዋል።

"አንድ ነገር ቀርቶኛል። ዕድሜ ልኬን የሰፋሁት ሁሉ በካስማ የታሰረ ነው። ዓይኔ ሳይጠፋ አንድ የሚሄድ ነገር ልስፋ።"

እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው! የሰፈራችን ልጅ ፍቅረ ሥላሴ ባሕር ዳር ይኖራል፤ ጣና ላይ ትንሽ ጀልባ አለችው። ለመዝናኛ ብሎ ምሰሶ አቁሞባት ኖሮ ሸራውን ጋሽ ውበቴ እንዲሰፉለት ለመናቸው። እሳቸውም ከድንኳን በተረፈ አረንጓዴ ሸራ ሰፉ። ከፋሲካ በኋላ ባለ አንድ እሑድ፣ ሸራውን ሚኒባስ ላይ ጭነን እኔና ባልና ሚስቱ ሦስታችን ወደ ባሕር ዳር ወረድን። ከልቅሶና ከጠበል በቀር ከሞጣ ወጥተው የማያውቁት እትዬ ይርጋነሽ ዳቦና አንድ ጀሪካን ጠላ ይዘዋል፤ እንደ ሙሽራ አጃቢ ይስቃሉ።

ጀልባዋ ላይ ተሳፍረን ከሐይቁ መሐል ስንደርስ ፍቅረ ሥላሴ ሞተሩን አጥፍቶ ሸራውን ሰቀለ። ነፋሱ መጣ። ሸራው ተርገበገበ፤ ጀልባዋ ግን ጭቃ እንደያዘው በሬ ቆመች። ፍቅረ ሥላሴ አንጋጦ አየ።

"ጋሼ፣ ይኼ ክፍት ክፍቱ ምንድን ነው?"

"የነፋስ መውጫ ነዋ! እሱ ከሌለማ ነፋሱ ውስጡ ገብቶ ድንኳኑን ይነቅለዋል።"

"ጋሼ፣ እኛ እኮ እንዲነቅለን ነው የምንፈልገው!"

ሳቅን። እኔማ ጠላው ትን አለኝ። ጋሽ ውበቴ ግን አልሳቁም። የሸራውን ጫፍ በጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉና፣ "በል፣ ሞተርህን አስነሳ። ለኔ ድንኳኑ ይበቃኛል" አሉ።

ፍቅረ ሥላሴ ወደ ሞተሩ እጁን ሲሰድ እትዬ ይርጋነሽ ጮኹ።

"ተው፣ እንዳትነካው! አውርደው ሸራውን!"

የተከናነቡትን ጋቢ ገፈፉና ባላቸው ጉልበት ላይ ጣሉት።

"በዚህ ድፈነው።"

"በጋቢሽ? ራስሽ የፈተልሽውን? ይበርድሻል።"

"ብርድ ብፈራ ኖሮ ድንኳን ሰፊ አገባ ነበር? ቁረጥ!"

ክር የተጠመጠመበት መርፌ ከጋሽ ውበቴ ኮት ኮሌታ ተለይቶ አያውቅም። ጀልባዋ ወዲያ ወዲህ እያለች እትዬ ይርጋነሽ ክሩን በምራቃቸው አርሰው ሲስቱ፣ ሲረግሙ፣ እንደገና ሲሞክሩ ቆይተው አስገቡት። ፍቅረ ሥላሴ ጋቢውን በቢላዋው ቆራረጠ፤ ከዚያ እኔና እሱ ሸራውን ወጥረን ያዝን። ጋሽ ውበቴ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ብቻ ሰፉ። እንዲያ ሲሰፉ አይቼ አላውቅም፤ ጸሎት የሚያደርሱ ነው የሚመስለው። እሳቸው ሲጨርሱ እትዬ ይርጋነሽ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ።

ነጭ ነጭ የጋቢ ቁራጭ የተለጠፈበት አረንጓዴ ሸራ እንደገና ተሰቀለ። ሆዱ ቀስ ብሎ ተነፋ፤ ጀልባዋም ያለ ምንም ድምፅ ተንሸራተተች። እኔ እንደ ልጅ አጨበጨብኩ!

"ምነው? ሄደ እንዴ?" አሉ ጋሽ ውበቴ። ለካ ዳርቻው ለሳቸው ጉም ነው፤ መሄዳችንን የሚያዩበት ነገር የላቸውም።

"ሄደ ጋሼ! እየበረርን ነው!"

"አታባብሉኝ። ሞተሩ ዝም ብሎ ምን ይሄዳል?"

እትዬ ይርጋነሽ ጠጋ ብለው የባላቸውን እጅ ያዙና ከጀልባዋ ጎን ውኃው ውስጥ ነከሩት። ውኃው በጣቶቻቸው መሐል እየተሰነጠቀ አለፈ። ጋሽ ውበቴ እጃቸውን አላወጡም፤ እትዬ ይርጋነሽም ክንዳቸውን አልለቀቁም። ብዙ ከሄድን በኋላ ጋሽ ውበቴ ቀና ብለው በቁጣ፣

"ኧረ ቀስ በል፣ አንተ ፍቅረ ሥላሴ! ሰው ጭነሃል እኮ!" አሉ።