የሁላችንም እጅ ጽሕፈት

ዛሬ ዲላ ላይ የአውራጃውን ሹም ብቻዬን ረታሁት! እሺ፣ ብቻዬን እንኳ አይደለም፤ የማታ ተማሪዎች ሁሉ አብረውኝ ነበሩ።

ፊደል ያስቆጠሩን መምህራችን ጋሽ ታደሰ ሊዛወሩብን ነው ቢሉን «ይቆዩልን» ብለን ማመልከቻ ጻፍን፤ ሁላችንም ስማችንን አሰፈርን።

ሹሙ አየውና «ንጉሥ ይሙት፣ ይሄ ሁሉ ስም የአንድ ሰው እጅ ነው! ማንን ልታታልሉ ነው?» አለ።

«ጌታዬ፣ ብዕሩን ይስጡንና ይዩን» አልኩት።

ከጪጩ መንደር የመጡት ቡና ለቃሚዋ እማማ ሎኮ ሳይቀሩ በየተራ ጻፍን። የሁላችንም ፊደል ልክ እንደ ጋሽ ታደሰ ጽሕፈት ወደ ቀኝ አዘነበለ!

ሹሙ ማመልከቻውን ሳበና «ይቆዩ» ብሎ ፈረመ። ፊርማውማ ዶሮ የጫረችው ይመስላል።

በእናንተስ እጅ ላይ የየትኛው መምህር እጅ አለ? እስኪ ንገሩኝ።

አንዷን ነገር ግን ፈጥሬያታለሁ፤ «ብዕሩን ይስጡን» ያሉት እማማ ሎኮ ናቸው። እኔ ከኋላቸው ተደብቄ ነበር።