ባለ ሦስት ፎቅ ጉሮሮ

ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሰው ሁሉ ጉሮሮ አለው ብሎ የሚያስብ ካለ ኡሙልኸይርን አያውቃትም ማለት ነው። እሷን ከጠየቃችሁ አብዛኛው ሰው ያለው ቧንቧ ነው፤ ሽሮ የሚወርድበትና ሐሜት የሚወጣበት። ጉሮሮ ሌላ ነገር ነው። ጉሮሮ ባለ ሦስት ፎቅ ነው።

ይህን ለማስረዳት ሰንጋ ተራ ካለ ማተሚያ ቤት ያሠራችው ባነር አላት። ፊቱና አንገቱ በጎን የተሰነጠቀ ሰው ተሥሎበታል፤ ምላሱ፣ ትናጋው፣ የተንጠለጠለች እንጥሉ፣ ከሥር ደግሞ ማንቁርቱ ይታያሉ። የሰው ፊት ተሥሎ አይሰቀልም ብላ ዓይኑን በነጭ ቀለም ስላስደፈነችው ሰውየው ዕውር ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባነሩን በጋራ መጠቀሚያው አዳራሽ ትሰቅልና ለሠፈሩ ሙስሊም ሴቶች ቂርኣት፣ ማለትም የቁርኣን አነባበብ፣ ታቀራለች። አዳራሹ በበዓል ሰሞን በግ የሚታረድበት ስለሆነ ሽታው ዓመቱን ሙሉ አይለቀውም። እሷ ግን ሽታው ሳይገዳት፣ በመጥረጊያ እንጨት የዕውሩን ሰውዬ አንገት እየነካካች ትጀምራለች።

«ምድር ቤቱ ይኸውላችሁ፤ ማንቁርት፣ የአ ቤት። ውስጧ ሁለት ክሮች አሉ። ሲጋጠሙ ድምፅ ነው፣ ሲለያዩ ትንፋሽ ነው። አናቷ ላይ ደግሞ ክዳን አለ፤ ስትውጡ ይዘጋል፣ ምግብ ወደ ሳንባ እንዳይገባ። አላህ ለሁሉም መዝጊያ ሠርቷል፤ አልዘጋ ያለው የእናንተ አፍ ብቻ ነው። ላይኛው ፎቅ እንጥል አጠገብ ነው፤ ኸ እዚያ ይኖራል። መካከለኛው ፎቅ ላይ ሐ እና ዐ አሉ። የዚያን ፎቅ ቁልፍ ግን አንዳችሁም አልያዛችሁም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊደል ገበታው ላይ አ እና ዐ ለየብቻ ተቀምጠዋል፤ አዲስ አበባ አፍ ውስጥ ሲገቡ ግን አንድ ይሆናሉ። ዐረብኛ ይህን አይምርም። «ዐሊም» ሁሉን ዐዋቂ ማለት ነው፤ «አሊም» ደግሞ የሚያሳምም። አንዲት ፊደል ከመካከለኛው ፎቅ ወደ ምድር ቤት ከወረደች፣ ፈጣሪውን ዐዋቂ ነህ ሊል የተነሳ ምስኪን ታሳምማለህ ብሎ ይቀመጣል። ይህን ሁሉ የሚያስተካክለው የአቀራር ትምህርት ተጅዊድ ይባላል፤ የኡሙልኸይርን ዕድሜ የበላውም እሱ ነው።

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባላል። ለእሷ ሲከፈት የሚታያት ጉሮሮ ነው፤ የሚታያት ሁሉ ደግሞ ያስጠላታል። የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ገብረየሱስ ስለ ውሃ ፓምፕ ሊናገሩ ሲነሱ ጉሮሯቸውን መጥረግ ይጀምራሉ፤ «እኚህ ሰውዬ ዕድሜያቸውን ሲጠርጉ ጨረሱት፣ መቼ ነው የሚገቡበት?» ትላለች ለጎረቤቷ፣ እሳቸው እንዲሰሙ አድርጋ። የጠመንጃ ያዥ ታክሲ ረዳት ላንቃው እስኪላቀቅ ሲጣራ ጆሮዋን ትይዛለች። «አሰላሙ አለይኩም» ብሎ ዐን የረሳ ሰው ሰላምታው አይመለስለትም፤ አፉን አስተካክሎ እስኪመጣ ግድግዳ ታያለች። ተማሪዋ ሲቲን፣ ከወራቤ የመጣችውን የሱቅ ባለቤት፣ በሰው ፊት «ላንቺ ጉሮሮ ኮሶ እንጂ ቂርኣት አልተፈጠረም» ብላታለች። ሲቲ በሚቀጥለው ቅዳሜም መጣች። ምን ታድርግ፣ በሠፈሩ ሌላ የሚያቀራ የለም።

ሟች ባሏ ሙስጠፋ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ደግ ሰው። ከእሷ ጋር በኖረበት ዘመን ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቁርኣን ቀርቶ አያውቅም። ጎረቤት ይህን የትሕትና ምልክት ነው ይል ነበር። የትሕትና አልነበረም፤ አንድ ጊዜ ሞክሮ ሳቀችበት፣ ከዚያ ወዲያ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅስ ነበር።

እንግዲህ ይህች ጉሮሮ መርማሪ የራሷ ዐ ምን ዓይነት ነው? ሁለት ጣቶቿን ከአገጯ ሥር ትሰካለች፣ አንገቷን ወደ ኋላ ትስባለች፣ ደም ሥሯ ይገተራል፣ ዓይኗ እንባ ያቀርራል፣ ከዚያ ከመካከለኛው ፎቅ ቢላዋ ያየ በግ የመሰለ ድምፅ ይወጣል። ግቢው ውስጥ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ከመስኮቱ ሥር ሆነው እየተከተሉ ይጮኻሉ። «ቅናት ነው» ትላለች። እንዲህ ያለ ጉሮሮ በቀላሉ እንዳልተገኘ፣ ወሎ ሳለች አንዲት አስተማሪዋ አንገቷን በእጃቸው ጨምቀው እንዳወጡላት ትናገራለች። ጨመቁ ማለት አወጡ ማለት እንዳልሆነ ግን ማንም አልነገራትም። ማን ደፍሮ!

አንድ ምኞት ነበራት። ኮሌጅ የምትማረው አንድ ልጇ ራኒያ፣ ዐዋቂ በሆነ ሰው ፊት ቁርኣን ቀርታ ኢጃዛ፣ ማለትም የማቅራት ፈቃድ እንድታገኝና የሰማው ሁሉ «ይህ የኡሙልኸይር ጉሮሮ ነው» እንዲል። የሚሰሙትም ተገኙ። ብዙ ዘመን ውጭ አገር የተማሩ ነጅማ የሚባሉ ኡስታዛ ለሴቶች ፈተና እየሰጡ በየሠፈሩ ሲዞሩ ልደታም ሊመጡ ሆነ። ኡሙልኸይር ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጇን እንቅልፍ ነሳቻት።

«ዐ በይ!»

«ዐ።»

«ይሄ ምንድን ነው? ድመት ረገጥሽ? ጣትሽን እዚህ! ጨምቂው! የሙስጠፋ ጉሮሮ ነው የወረስሽው፣ እኔ ምን ላድርግ።»

ራኒያ አንገቷ እየቀላ ትጨምቃለች። ማታ ስትውጥ ያማታል። እናቷ ይህን ስትሰማ ደስ አላት፤ ያመመ ጉሮሮ እየተከፈተ ነው አለች።

ፊት ለፊት በር የምትኖረው ፀሐይቱ ነች። ከመቀሌ መጥታ ምድር ላይ ባለች ጠባብ ሱቅ ልብስ ትጠግናለች። ቤቷ ውስጥ ኔትወርክ ስለማይሠራ ከእህቷ ጋር በስልክ የምታወራው ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነው፤ ብሎኩ ሁሉ ይሰማል። «ሓፍተይ!» ትላለች፤ «ሰሚዕኪ ዶ?» ትላለች፣ በትግርኛ እህቴ፣ ሰማሽ ወይ ማለቷ ነው። ኡሙልኸይር በሯን በኃይል ትዘጋለች። «ይቺ ደግሞ ደረጃውን የላም በረት አደረገችው። እንዲያው ክርስቲያንነቷስ ይሁን፣ ቀስ ብላ አታወራም?»

ራኒያ ግን አንድ ቀን የውሃ ጀሪካን ተሸክማ ስትወጣ ቆም አለች። «ሰሚዕኪ ዶ» መሐል አንዲት ዕ ተቀምጣለች። ሳትጨነቅ፣ ሳትጨመቅ፣ ሰው ቤቱ እንደተቀመጠ ተመቻችታ ተቀምጣለች። ልጅቱ ጀሪካኑን አስቀምጣ ስልኩ እስኪያልቅ ጠበቀች።

«እትዬ ፀሐይቱ፣ ያንን እስቲ ድገሚልኝ።»

«የቱን?»

«ሰሚዕኪ ያልሽውን። መሐሉን እንዴት ነው የምታወጪው?»

ፀሐይቱ የሚወጣ ነገር እንዳለም አታውቅም ነበር። ደጋግማ አለችላት፤ ራኒያም ተከተለች፤ ሁለቱም ሳቁ። «ዝም ብለሽ በይዋ» አለቻት ፀሐይቱ፤ «ማን አንገትሽን ያዘሽ?»

ማን እንደያዛት ራኒያ አልተናገረችም። ከዚያ ወዲህ ግን ጀሪካን መሸከም የምትወድ ልጅ ሆነች። የምታወጣት ዐም ቀስ በቀስ ለሰለሰች፣ ጠራች፣ ማታ መዋጥም አላመማትም። ፈተናው ሲቃረብ ለእናቷ አሰማቻት።

ኡሙልኸይር ፊቷን አጨፈገገች። «ይሄ ከአንገት በላይ ነው። ላብ የለውም። ከየት ነው የለቀምሽው?»

«ከራሴ።»

«ታዲያ ወደ ራስሽ መልሺው። በኡስታዛ ፊት እንዲህ ብለሽ ብታዋርጂኝ እናቴ ብለሽ አትጥሪኝ።»

ራኒያ «እሺ» አለች። እናቷ ፊት ጣቷን ሰክታ፣ እንባዋን አቅርራ፣ በጓን አስጮኸቻት።

የፈተናው ቀን አዳራሹ ሞላ። ኡስታዛ ነጅማ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሴት ናቸው፤ ኡሙልኸይር ገና ሰላምታቸውን ስትሰማ «ትንፋሽ ያጥራቸዋል» ብላ ለሲቲ አንሾካሾከች። ባነሩንም አዩትና «ዓይኑ ምን ሆነ?» ብለው ፈገግ አሉ። ከዚያ ራኒያ ተጠርታ ፊታቸው ተቀመጠች።

ኡሙልኸይር ሁለት ጣቶቿን ከአገጯ ሥር ሰክታ አሳየቻት። ራኒያ አየቻት። እጇን አነሳች፣ ወደ አንገቷ ወሰደች፣ መልሳ ጉልበቷ ላይ አኖረችው። ከዚያ ቀራች፣ በለስላሳው።

እናቷ ጥርሷን ነከሰች። ቀኑ አበቃ፣ ስሟ አፈር በላ። «ያ ረቢ፣ ዋጋዬ ይሄ ነው?» አለች፣ ሁሉም እየሰማ። ኡስታዛዋ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ራኒያ ስትጨርስ ገለጡና፣ «ማሻአላህ። በዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ዐ ከሰማሁ ቆየሁ። ፊደሉን ሳታሳምሚው ነው የምታወጪው። ማነው ያቀራሽ?» አሏት።

ራኒያ እናቷን ተመለከተች። ኡሙልኸይር እውነቱን መስማት ከነበረባት ያን ጊዜ ነበር።

«እናቴ ነች» አለች ራኒያ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጣል፣ ያፍራል፣ ቢያንስ መሬት መሬት ያያል። ኡሙልኸይር ነጠላዋን አስተካከለች። ቅድም የጮኸችው እንደሌላ ሰው ጩኸት ተረሳት። «የጉሮሮ ነገር በዘር ነው» አለች፤ «ደግሞም ብዙ ለፍቼባታለሁ።» ወደ ሲቲም ዞራ፣ አየሽ አይደል በሚል አኳኋን አገጯን ከፍ አደረገች። ስንት ዘመን የተመኘችው ቃል መጥቶላት፣ የማን እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቅ ተቀበለችው።

«እንግዲያውስ» አሉ ነጅማ፣ ከልባቸው ደስ ብሏቸው፣ «ከምንጩ ካልሰማን ምን ዋጋ አለው! እናታችን፣ ትንሽ ይቅሩልን።»

ራኒያ ደነገጠች። «ደክሟታል» ልትል አፏን ከፈተች፤ እናቷ ግን ተነስታ መሐል ገብታለች። ጣቶቿን ሰካች። አንገቷን ወደ ኋላ ሳበች። ቀራች፣ ባላት ኃይል ሁሉ።

ከልጅቱ ቀጥሎ መሰማቱ ነው ጉድ ያመጣው። ለብቻው ሲሆን ሴቶቹ ለምደውት ነበር፤ ዐ ማለት እንዲህ ነው ብለው ተቀብለውታል። አሁን የራኒያ ድምፅ ገና ከጆሯቸው ሳይወጣ ይሄኛው መጣ። ራሷም ሰማችው። በመጀመሪያው ዐ ጠረጠረች፣ በሁለተኛው አወቀች፣ በሦስተኛው ድምጿ መሐል ላይ ተሰብሮ ቀረ።

ኡስታዛ ነጅማ «ባረከላሁ ፊኪ፣ አላህ ይባርክዎ» አሉ፣ ቶሎ ብለው።

ኡሙልኸይር የሴቶቹን ፊት አንድ በአንድ አየች። የምትፈልገው የምታውቀውን ነገር ነበር፤ የተጣመመ ከንፈር፣ መጎሻሸም፣ አንዲት የታፈነች ሳቅ። ንቀት ቢሆን ኖሮ መልስ አላት፤ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰጠው የኖረችው ነገር ነው፣ ዋጋውን ታውቃለች። አላገኘችም። ሲቲን ፈለገች፤ ያቺ ኮሶ ያለቻት ሴት ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው አንገቷን ደፍታ የምንጣፉን ጠርዝ ታፍተለትላለች። ሁሉም እንደዚያ ናቸው። ያዘኑላት እነዚህ ናቸው፣ ቧንቧዎቹ።

እመሐል ቆማ ቀረች። ራኒያ ናት ብድግ ያለችው። አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድታ አመጣችና እናቷ እጅ ላይ አኖረችላት። ከዚያ ሁሉም እንዲሰማ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ጉሮሮሽ ደርቆ ነው እማ» አለች።

አልደረቀም ነበር። ኡሙልኸይር ታውቃለች፤ ልጇ እንደምታውቅም ታውቃለች፤ አዳራሹ ሙሉ ያውቃል። ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ እስከ መጨረሻው ጠጣች።

«አዎ» አለች፣ «ደርቆብኝ ነው።»