ድምጿን ያጠፋሁባት መኪና

አባቴ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሚኒባሷ ግን እስካሁን ግቢያችን ውስጥ ቆማለች። የሚያያት ሁሉ ያደንቃታል። ሆሳዕና ውስጥ በእሷ ዕድሜ ያለ መኪና እንዲህ አምሮበት አይቶ እንደማያውቅ ይነግረኛል፤ ቀለሟን፣ ወንበሮቿን፣ የሞተሯን ንጽሕና አይቶ «እጅሽ ይባረክ» ብሎኝ ይሄዳል። እኔ ይህን ስሰማ ንድድ ይለኛል። እጄ ባይነካት ይሻል ነበር።

አባቴ ሲገዛትም አሮጌ ነበረች። ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከመናኸሪያ ሞርሲቶ ከተማ ሰው ያመላልስባታል፤ እሑድ ታጥባ እኛን ቤተ ክርስቲያን ታደርሳለች። ለልቅሶም ለሠርግም፣ ሺንሺቾ ከተማ ያገባችውን አክስቴን ለመጠየቅም የምንሄደው በእሷ ነው። ድንች የጫነች ሰሞን ከእግራችን ሥር አፈር አይጠፋም፤ ቆጮ የጫነች ሰሞን ሽታው ተከትሎን መዝሙር ድረስ ይገባል። እኔ በዚህ በጣም አፍር ነበር።

ድምጿ ደግሞ ለብቻው ነው። የጎን በሯ ሲዘጋ አንዴ አይበቃውም፣ ሁለት ጊዜ ነው የሚጋጨው። ከኋላ ወንበር ሥር የላላ ብረት አለ፤ ኮብልስቶን ላይ ስትወጣ ያንቃጭላል። የጭስ ማውጫዋ ማርሚታ ዳገት ባየ ቁጥር ያጉረመርማል። እናቴ በሕይወት ሳለች ገና መታጠፊያው ላይ ስትሰማት ምሳ ማቅረብ ትጀምር ነበር።

በኋላ አባቴን የዓይን ግፊት ብርሃኑን ነሳው። መኪናዋ ከመናኸሪያ ወጥታ የቤት መኪና ሆነች፤ ነጂዋም እኔ ሆንኩ። ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ልብሴን ቀይሬ ከአባቴ ጋር እሷን እጠግናለሁ። እሱ የፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ከተከፈተው ኮፈን አጠገብ ይቀመጥና ሞተሩን በጆሮው ይመረምራል። «ሦስተኛው ካንዴላ እየሳተ ነው» ይለኛል፤ ፈትቼ ሳየው ሦስተኛው ነው። የመፍቻ ቁጥር በጣቱ ዳብሶ ይለያል። እኔ ሁለት ዓይን እያለኝ አሥራ ሁለቱን ከአሥራ ሦስቱ ስቀላቅል «ዲግሪሽን መልሺላቸው» እያለ ይስቅብኛል። የባትሪውን ጫፍ በፈላ ውሃ አጥባለሁ፤ እሱ ደግሞ አጥብቄ ማሰሬን በእጁ ያረጋግጣል። ከእሱ ጋር ካሳለፍኩት ዘመን ሁሉ እነዚያን ቅዳሜዎች የሚያህል የለም።

አንድ ክፉ ጠባይ አለኝ፤ የሚንኳኳ ነገር አልችልም። ተማሪ በእስክሪብቶ ዴስኩን ሲመታ ከሰማሁ ትምህርቱ ይቋረጣል። ያ የኋላ ብረት ሲያንቃጭል ጥርሴን ነክሼ ነበር የምነዳው። «አንድ ቀን ይህን ነገር አስወግደዋለሁ» ስለው አባቴ «ተያት፣ እያወራች ነው» ይለኝ ነበር። ቀልዱን ነው ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ መርሳት ጀመረ። መጀመሪያ ዕቃ ያስቀመጠበትን፣ ቀጥሎ የሰው ስም፣ ከዚያ የእናቴን መሞት። ስንት ጊዜ እንደ አዲስ እንዳረዳሁት ራሴም አላስታውስም። መጨረሻ ላይ «ገበያ ሄዳለች» ማለት ተማርኩ።

ከሁሉ የከፋው አመሻሹ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ተነስቶ ጫማውን ይፈልጋል። «ወደ ቤት እንሂድ፣ መሽቶብናል» ይላል። ቤት ነን ስለው ይቆጣል፤ ግድግዳውን እየዳበሰ በሩን ይፈልጋል፤ ሳያገኘው ሲቀር እንደ ልጅ ያለቅሳል። አንድ ቀን የማደርገው ጠፍቶኝ መኪናዋ ውስጥ አስገባሁት። በመናኸሪያው አልፌ፣ የሞርሲቶን መንገድ ትንሽ ይዤ ተመለስኩ። ወደ ሰፈራችን ስንታጠፍ ፊቱ ፈታ አለ። ግቢ ስንገባ በሩን ራሱ ከፍቶ ወረደ፤ መልሶ ዘጋው፤ ሁለቴ ሲጋጭ ሰማና «ደረስን» አለኝ። ገብቶ እራቱን በላ።

ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ እንዲህ አደረግን። ቤት ውስጥ ማን እንደሆንኩ ይጠፋዋል፤ መኪናዋ ውስጥ ግን አንድም ቀን ረስቶኝ አያውቅም። «ማርሽ ቀንሺ፣ ዳገት ነው» ይለኛል፤ በስሜ ይጠራኛል። አባቴን ወደ ቤቱ የምመልስበት መንገድ ይህ ብቻ ነበር፤ አባቴ እኔን የሚያገኝበትም መንገድ እንደዚሁ።

ሰኔ ላይ ሞተሯ ፈልቶ ዳገት ላይ ቆመች። መካኒኩ ከአባቴ ጋር በወጣትነታቸው መናኸሪያ አብረው የሠሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ረመዳን ሲያልቅ እኛ ቤት ሥጋ የሚልኩ፣ እኛም በገና የምንልክላቸው። ሞተሩን አይተው «ሳምንት ትበቃኛለች» አሉኝ። እኔ ግን ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ክረምቱ ሰፊ ነው፣ አንዴ ከተፈታች ሁሉም ነገር ይሠራ አልኩ።

«ሌላው እኮ ጉዳት የለውም» አሉኝ። «አርጅታ ነው እንጂ አልተበላሸችም። ለምን ትደክሚያለሽ?»

«እርስዎ ሞተሩን ይሥሩልኝ፣ ሌላውን ለእኔ ይተዉት» ብዬ አፋቸውን አስያዝኳቸው።

ለአባቴ ነው ብዬ ነበር። ግማሹ እውነትም ለእሱ ነበር፤ ግማሹ ግን ለገዛ ጆሮዬ ነው። ዝገቱን በእጄ ፋቅኩ። የተበላውን ላሜራ አስቆርጬ አስበየድኩ፤ ስቱኮ ቀባሁ፤ ጣቴ እስኪላጥ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ። የበሩ ኩሽኔታዎች በአዲስ ተተኩ። ያ የኋላ ብረት በብየዳ ጸጥ አለ። ማርሚታው ተቀየረ፣ ወንበሮቹ አዲስ ልብስ ለበሱ። አሮጌውን ሁሉ ለቆራሌው ሰጠሁት፤ ጋሪው ላይ ሲጥለው ደስ ብሎኝ አየሁ።

አባቴ ያን ክረምት ክፉኛ ተንገላታ። በባጃጅ ልወስደው ሞከርኩ፤ እግሩን አላስገባም አለ። ማታ ማታ ያለቅሳል። «ትንሽ ታገስ፣ ልትደርስ ነው» እለዋለሁ። ልቅሶው ይበልጥ ያጣድፈኛል እንጂ ሥራውን አላስተወኝም።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ወጣች። አባቴን በእጁ ይዤ ወሰድኩት። በሩ በአንድ ጣት ሄደልኝ፤ ስዘጋው እንደ ጥሩ ቁም ሣጥን ገጠመ። አባቴ ተቀምጦ ወንበሩን በመዳፉ ዳበሰ። ስንነዳ አንድ ነገር አይሰማም። ኮብልስቶኑ ላይ ወጣን፣ ጸጥታ። ዳገቱን ጀመርን፣ ጸጥታ። በኩራት ልፈነዳ ደርሼ ነበር። መናኸሪያው አጠገብ ስንደርስ አባቴ ወደ ፊት ጎንበስ አለ።

«ሾፌር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ወዴት ነው የምንሄደው?»

በአማርኛ ነው ያለኝ። እኛ ቤት የሚወራው ሀዲይኛ ነው። አማርኛ ለቢሮ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለመናኸሪያ ነው፤ አባቴ አማርኛ የሚያወራው ከማያውቀው ሰው ጋር ነው። ከተወለድኩ ጀምሮ ለእኔ ብሎ አንድ ቃል በአማርኛ ተናግሮኝ አያውቅም።

በሀዲይኛ «አባዬ፣ እኔ ነኝ እኮ» አልኩት፤ ስሜንም ጠራሁለት።

ፈገግ አለ። በአማርኛ «ጎበዝ ነዎት፣ የእኛንም ቋንቋ ይችላሉ» አለኝ። «ጌታ ይባርክዎት።»

ቤት ስንደርስ በሩን ከፍቶ ወረደ፤ ዘጋውና ቆሞ ጠበቀ። ምን እንደሚጠብቅ ያኔ ነው የገባኝ። «ይህ የእኔ ቤት አይደለም» አለ። «እኔን የሚያደርሰኝ የራሳችን መኪና አለ።»

በማግስቱ እያለቀስኩ መካኒኩ ጋ ሄድኩ። እንደ ድሮዋ ያድርጉልኝ አልኳቸው። ካቻቢቴያቸውን አንስተው የበሩን ማሰሪያ ማላላት ጀመሩ። ቆራሌውን ፈልጌ አገኘሁት፤ ብረቱ ግን ለማቅለጫ ከተጫነ ሰንብቷል። ከኋላ ወንበር ሥር ሌላ ብረት አሰርን፤ አዲሱን ማርሚታ በሳነው። አባቴን ይዤ ወጣሁ። መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ትከሻዬን በጣቱ ነካ አደረገኝ።

«ሾፌር፣ የመኪናዎ በር ላልቷል። ያሳስሩት፣ ሰው ይዘው አደጋ ያደርስብዎታል።»

ሦስት ጊዜ ሞከርን። መንኳኳቱስ ይንኳኳል፤ የእሷ መንኳኳት ግን አይደለም። መካኒኩ መፍቻቸውን አስቀምጠው «ልጄ፣ ያ ድምፅ ስንት ዓመት መንገድ ላይ የተሠራ ነው» አሉኝ። «እኔ በአንድ ቀን ከየት አመጣልሻለሁ?» ሁሉንም መልሰን አጠበቅነው።

ከዚያ በኋላ አባቴ አመሻሽ ላይ የግቢያችን በር ጋ ወንበር አስወጥቶ መቀመጥ ጀመረ። መኪና ሲያልፍ ጆሮውን ያቀናል፤ ይሰማና አንገቱን ይደፋል። ሲበርደው እኔና ጎረቤታችን ደግፈን እናስገባዋለን፤ ማን እንደሆንን ሳያውቅ ያመሰግነናል። እኔ ሀዲይኛ እያወራሁት እሱ በአማርኛ እየመለሰልኝ ወራት አለፉ። ስንቴ ተቆጣሁት። «ልጅህ ነኝ!» ብዬ የጮህኩበት ቀን አለ፤ ደንግጦ እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። ያን እስክሞት አልረሳውም።

አንድ አመሻሽ ደከመኝና በርጩማ አምጥቼ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ሰው መኖሩን ሰማ።

«እርስዎም መኪና ነው የሚጠብቁት?»

«አዎ» አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ መለስኩለት።

«የእኛ ዛሬ ዘገየች» አለኝ። «ልጄ ናት የምትነዳት። ቁጡ ናት፤ መንገድ ላይ ከአንዱ ተጣልታ ይሆናል። ግን አትቀርም። አንድም ቀን ቀርታብኝ አታውቅም።»

እጄን አየሁ፤ በብርጭቆ ወረቀት የተላጠው ጣቴ ላይ ጠባሳው አሁንም ነበር።

«አይጨነቁ» አለኝ። «ቦታ አታጣም። ስትመጣ እነግራታለሁ፣ እርስዎንም ቤትዎ ታደርስዎታለች።»

አመስግኜው አብሬው መጠበቅ ጀመርኩ።